ጄቱና የእህቴ ሠርግ

ታላቅ ወንድሜ ሐይቅ ከተማ ሞባይል ይጠግናል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ከስልኩ ይልቅ የሰማዩ ሊቅ ሆነ። ቀኑን ሙሉ የድሮን ቪዲዮ ሲያይ ይውልና ያየውን ለደንበኛው ሁሉ ያስተምራል። እህታችንን ከእናታችን ቤት፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ ልንድር ስንል ዳስ እንዳይጣል ከለከለ።

«የቀድሞው ድሮን በፕሮፔለር ነበር የሚበረው» አለን። «እንደ ወፍጮ እየጮኸ ስለሚመጣ ትሸሸዋለህ። አሁን የመጣው ጄት ሞተር አለው። ድምፁን ስትሰማ እሱ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። መሮጥ ዋጋ የለውም።»

የነፍስ አባታችን በጥሞና አዳመጡትና «ውስጡ ማን አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም የለም አባ። የሚነዳው ሩቅ ቦታ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።»

«ቁርሱን በልቶ?»

«በልቶ።»

«ገድሎ ሲያበቃስ?»

«ምሳውን ይበላል።»

አባ አማተቡ። «ሥልጣኔ ነዋ!» አሉ።

ዳሱ ቀረ። ነጭ ከላይ ይታያል ስለተባለ ሴቶቹ በነጠላ ፋንታ ቡኒ ብርድ ልብስ ደርበው መጡ። እድምተኛው እንዳይከማች ሦስት ሦስት እየሆነ በየዛፉ ሥር ተቀመጠ። ሙሽራዋ «ሠርጌ ነው ለቅሶዬ?» ብላ አነባች። ወንድሜ ጠላውን ጨብጦ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ሥርዓት ያስከብራል።

ወጡ ሳይቀርብ ሰማዩ አጉረመረመ። «ጄት ነው!» ብሎ ጮኸና፣ መሮጥ ዋጋ የለውም ያለን ሰው ከሁላችን ቀድሞ ሮጦ ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ገባ። እኛም ተበታተንን። ቀና ስንል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የመንገደኞች አውሮፕላን ነው፤ ያውም ባለ ፕሮፔለር።

ወንድሜ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። «ልምምድ ነበር» አለ። ሳቅን። እናታችን ብቻ አልሳቀችም። ሙሽራዋን ከሥሯ ሸጉጣ መሬት ላይ ተኝታ ነበር። ደግፈን አስቀመጥናት፤ ምግቡም ቀረበ፤ ማንም ግን እስኪጠግብ አልበላም።

የወንድሜ ዝና በዚህ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ጨመረ። ሠርግ ያለውም ተዝካር ያለውም ሱቁ እየመጣ ያማክረዋል። ታቦት የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ የሰበካው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ስለ ጥላው ቀለም ጠየቁት። አሰብ አደረገና «ወርቀዘቦው ያብረቀርቃል፤ ግራጫ ይሻላል» አለ።

አባ ይህን ሲሰሙ ሱቁ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ታቦት የሚወጣው ሕዝብ ሊባርክ ነው» አሉት። «ተደብቆ የሚባርክ አላየሁም።»

ጥላው በወርቀዘቦው ወጣ። ወንድሜም ከሕዝቡ ጋር ሆኖ አጀበ። አፉ ይዘምራል፤ ዓይኑ ግን ከሰማይ አልወረደም። የእኔም እንዲሁ።