የቄጠማ ሻጯ የመጨረሻ እስር

በፋሲካ ዋዜማ፣ እንጅባራ ገበያ ዳር፣ አንዲት አሮጊት ቄጠማ ይሸጡ ነበር። እግራቸው ረግረግ ውስጥ ውሎ አብጧል፤ ጣታቸውን የቄጠማው ስለት ቆራርጦታል። የሣር አገዳ ክብ ነው፣ አንጓም አለው፤ የቄጠማ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንጓ የለውም። ዐይናቸው ስለ ደከመ እያንዳንዱን ዘንግ በጣታቸው እያሽከረከሩ ከሣሩ ይለያሉ፤ ቡናማ አበባውን አራግፈው ያስራሉ።

ዋጋዬ የምትባል ገዢ ስትደርስ የቀረው ከጉያቸው የያዙት አንድ እስር ብቻ ነበር።

«ይችንስ አይሸጡልኝም፣ እናቴ?»

«ለቤቴ ናት፣ ልጄ።»

አጠገባቸው ጌሾ የምትሸጥ ሴት ጣልቃ ገባች። «ኧረ ተያቸው እቴ! ልጃቸው ኮርያ ዘምቶ እንደ ወጣ ቀረ። ሐዘን ቤት ቄጠማ አይጎዘጎዝም፤ እሳቸው ግን በየፋሲካው እየጎዘጎዙ አልሞተም ይሉናል።»

አሮጊቷ አልተቆጡም። እስሩን ከጉያቸው አውጥተው ለዋጋዬ ዘረጉላት።

«እንኪ፣ ውሰጂው። ዘንድሮስ ደከመኝ።»

ዋጋዬ ገንዘቧን ልታወጣ መቀነቷን መፍታት ጀምራ ነበር። እጇ እዚያው ቋጠሮው ላይ ቀረ፤ ቄጠማውን ለመቀበል አልዘረጋ አላት።