ትከሻ ይሉት ነበር

ያን ቀን ጠዋት ነፋስ አልነበረም። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ ሰማዩ አመድ መስሎ ቀርቶ ነበር፤ ጭጋጉም ከድንጋይ መፈለጫው ገደል ላይ አልነሣም ብሎ ረፋዱ ድረስ ቆየ። ወንድሜ ከመኪናው ወርዶ ጣቱን በምራቁ አረጠበና ወደ ላይ አነሣ።

«እንዲህ ያለ ቀን ለተኳሽ ሰበብ አይሰጥም» አለ።

ነፋስ ጥይት አይገፋ፣ ፀሐይ ዓይን አይወጋ፤ ዛሬ ከተሳተ የሳተው ሰው ነው ማለቱ ነው። ይህን ሲል ፊቱ ፈክቶ ነበር። ከዚያ ቀን ሁሉ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ፊቱ ነው።

ወንድሜ የጠመንጃ ሰደፍ ሠሪ ነበር። ሰደፍ ተኳሹ ትከሻው ላይ የሚያስደግፈው የእንጨቱ ክፍል ነው። ሁለት ክፍል ቤት ነበረን፤ ከጎሚስታው ጎን። የፊተኛው የእሱ ነበር፤ ሞርሳው፣ ሞረዱ፣ መሮው፣ ዘይት የጠጣ እንጨት ሽታ። የኋለኛው የእኔ ነበር፤ የስፌት መኪናዬ፣ ቆዳ፣ ስፖንጅ። የጠመንጃ ማንገቻና ማኅደር እሰፋለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነው። እናታችን ስትታመም ከሁለታችን አንዱ ቤት መዋል ነበረበት፤ እሱ ሥራ ለምዶ ስለነበር እኔ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የሆንኩትን ሁሉ ከእሱ አጠገብ ተቀምጬ ነው የሆንኩት።

ሰፈሩ ወንድሜን «ትከሻ» ነበር የሚለው። አንድም ትከሻው የበር ያህል ስለሆነ ነው። ሁለትም ከእጁ የሚወጣ ጠመንጃ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ካልረገጠ ለባለቤቱ ስለማይሰጥ ነው። ጠመንጃ ይረግጣል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ብረቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ የጎሽ ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ አመጣጡ እንደ በቅሎ ነው።

ዱሮ የትልልቅ አውሬ ጠመንጃ ከባድ ነበር። ክብደቱ እርግጫውን ይውጠዋል። በኋላ ግን አዳኞቹ ቀላል ይሁንልን ማለት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ለዳገት ተሸክመውት ነው የሚውሉት፤ እውነት አላቸው። ወንድሜም የሰደፉን ሆድ እየፈለፈለ፣ የማያስፈልገውን እንጨት እየላገ ያቀልላቸው ጀመር። ጥይቱ ግን ያው ነው፤ ባሩዱም ያው ነው። ከብረቱና ከእንጨቱ የተቀነሰው ትከሻ ላይ ይጨመራል።

ለዚያ መላው በእጁ ነበር። ሰደፉን በሰውየው ክንድ ልክ ያደርገዋል፤ ካጠረ የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይመታዋል። ጫፉን ሰፋ ያደርገዋል፤ ሰፊው ሲገፋ ጠባቡ ይወጋልና። ጉንጭ የሚያርፍበትን ያቃናል። በመጨረሻ ወፍራም ላስቲክ ይለጥፍበታል። አፈሙዙን ብሳልን የሚሉም ነበሩ፤ ጋዙ በጎን ሲወጣ እርግጫው ይቀንሳል። እሱ ግን አይወድም፤ ጩኸቱ አጠገብ የቆመውን ሰው ጆሮ ያጠፋል ይላል። ከዚያ ያስተምራቸዋል።

«ሰደፉን ጠበቅ አርገህ እቀፈው። ክፍተት ከተውክለት ተንደርድሮ ነው የሚመጣብህ። ቁም፤ ገላህን አታድርቅ። ሲገፋህ ተገፋለት፤ ምን ያኮራሃል?»

ለራሱ ግን ከዚህ አንዱንም አላደረገም። ማነጣጠሪያውን ለማስተካከል ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ ተቀምጦ ነው የሚተኩሰው። እንደዚያ ሲሆን ኢላማው አይንቀጠቀጥም፤ ገላ ግን የሚሸሽበት የለውም፤ እርግጫውን ሁሉ አጥንት ነው የሚቀበለው። ያውም ላስቲኩ ሳይለጠፍ።

«ሕመሙን ካላወቅሁት ስንት ላስቲክ እንደሚበቃው በምን አውቃለሁ?» ይላል።

ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ቀኝ ትከሻው እንደ በሰለ ወይን ጠቁሮ አያለሁ። በሞቀ ውኃ ጨርቅ ነክሬ እይዝለታለሁ። አንድ ጊዜ ከወፍራም ቆዳ ከረጢት ሰፋሁለት፤ የእርሳስ ፍንጣሪ ሞላሁበት። በሰደፉና በትከሻው መካከል ቢያስገባው እርግጫው እዚያው ይሰምጥ ነበር። አገላብጦ አየውና ስፌቱን አመሰገነ። በማግስቱ በርጩማው ላይ አንጥፎ ተቀምጦበት አገኘሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ እሱ እኮ ለትከሻህ ነው!»

«ትከሻዬ መች አለቀሰ? ይሄኛው ነው ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ የሚንገላታው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ኋላ ኋላ አንዳንድ ደንበኛ ጠመንጃውን ይዞ ይመለስ ጀመር። ሁሉም ቀላሎቹን የወሰዱ ናቸው። ቅሬታቸውም አንድ ነው፤ ከፍ አድርጎ ይመታል። ወንድሜ አይቆጣም። የመጣውን ሁሉ ወንበር ይስብለታል፣ ሻይ ያስመጣለታል፣ ከዚያ ፈርተህ ነው ይለዋል።

እዚህ ላይ ስለ ፍርሃቱ ልንገራችሁ። ሰው ጎበዝ ቢሆንም ገላው ብልጥ ነው። ብዙ ከተረገጠ ቀድሞ ማወቅ ይጀምራል። ጣት ምላጩን ሲስብ ዓይን ይጨፈናል፤ እጅ ደግሞ የአንዱን አፈሙዝ ወደ ታች፣ የሌላውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጥይቱ ጮሆ ጠመንጃው ስለሚዘል ተኳሹ ራሱ አያውቀውም። የሚታወቀው በባዶ ጥይት ብቻ ነው። ቀለህ ከነእርሳሱ፣ ባሩድ የሌለበት። ከውጭ ሲያዩት ከደህናው አይለይም። ተኳሹ ፊቱን ያዞራል፤ እኔ ከሁለቱ አንዱን አጎርሳለሁ። ባዶው ከደረሰው ቀጭ ብቻ ይላል፤ ያኔ ጠመንጃው የሚረግጥበት ምክንያት የለውም። አፈሙዙ ከተወዛወዘ ሰውየው ነው ያወዛወዘው።

ብዙ ጎረምሳ በዚያ ቀጭታ ፊቱ ቀልቷል። ወንድሜም አያዋርዳቸውም፤ ሁላችንም ሰው ነን ብሎ ላስቲክ ጨምሮላቸው ይሸኛቸዋል። ባዶው ላይ እጃቸው ያልተነቃነቀም ነበሩ። እነሱን ዛሬ ተጠንቅቀህ ነው፣ አውሬ ፊት ግን ፈርተሃል ይላቸዋል። ጠመንጃው ከእሱ እጅ ሲወጣ ከኢላማው መሐል ቅንጣት እንዳልሳተ በዓይኑ አይቷላ። ምን ይበል?

ያን ጠዋት ወደ ድንጋይ መፈለጫው የወሰድናት ሴት መንገድ መሪ ነበረች። አዳኞችን ጫካ ይዛ የምትገባ፣ የቆሰለ አውሬ ሲያመልጥ ተከትላ የምትጨርስ። ቀጭን ናት፤ እንደ ሸምበቆ። ለዚህም ነው ቀላል ጠመንጃ የፈለገችው። ወንድሜ እንደሷ ጠመንጃ የተጨነቀበት አልነበረም። ሰደፉን ሲልግ አንዳንዴ ለብቻው ያፏጭ ነበር፤ ምንም አልጠየቅሁትም።

ከወሰደችው በኋላ አንድ የቆሰለ ጎሽ ዞሮ መጣባቸው። ተኮሰች። ጥይቱ በጀርባው ላይ አልፎ ሄደ። ጎሹ ዱካ ተከታዩን፣ የገዛ አጎቷን፣ አንሥቶ ጣለው፤ እግሩ ተሰበረ። ሁለተኛውን ዝቅ አድርጋ ተኩሳ ባትጥለው ኖሮ የአጎቷን ሬሣ ነበር ይዛ የምትመለሰው። የምትሠራበት ድርጅትም ምክንያቱን አጣርተሽ ካልመጣሽ ሰው ይዘሽ አትገቢም አላት። የፈራች መንገድ መሪ ከሆነች ሥራው አበቃ። እንግዲህ ያ ነበር ነገሩ፤ ወይ እሷ ናት ወይ ጠመንጃው። ጠመንጃው ከሆነ ደግሞ ወንድሜ ነው።

አጎቷም አብሮን መጥቶ ነበር። በጀሶ የታሸገ እግሩን በተከፈተው የመኪና በር አውጥቶ ተቀምጧል።

«እንዴት ነህ ጋሼ ትከሻ?» አለው ወንድሜን። «አንተ የትከሻ ሐኪም፤ እግርም ታያለህ?»

«እግርህን ጎሽ ፊት ማን ዘርጋ አለህ?» አለው ወንድሜ።

«እኔማ ዞር ልልለት ነበር። እሱ ነው የቸኮለው።»

ሳቅን። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ተኮሰች፤ ከኢላማው መሐል ከፍ አለ። ደገመች፤ እዚያው ጎን።

«አየሽ?» አላት ወንድሜ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «አያሳፍርም። ገላሽ ቀጭን ነው፤ መሣሪያው ክፉ ነው። ላስቲክ እንጨምርለታለን። ፊትሽን አዙሪ፤ እህት ዓለም፣ አጉርሺላት።»

ባዶውን አጎረስኩላት። ተደገፈች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ሳበች። ቀጭ። አፈሙዙ ድንጋይ ላይ እንደተተከለ ብረት አልተነቃነቀም።

«ድገሚ» አለ ወንድሜ።

ደገምኩ። ቀጭ። ምንም።

«ጋሼ፣ የፈራው ጠመንጃው ሳይሆን አይቀርም!» አለ አጎቷ ከመኪናው።

እሷ ተነሥታ ጠመንጃውን ለወንድሜ አቀበለችው። ፌዝ በድምፅዋ አልነበረም። «ጋሼ፣ እስቲ አንተ ሞክረው። እህቴ፣ ለእሱም እንደኔ አርጊለት።»

ወንድሜ በርጩማው ላይ፣ በዚያ በከረጢቴ ላይ፣ ተቀመጠ። ፊቱን አዞረ። መጀመሪያ ደህናውን አጎረስኩ። ሲተኩስ ገደሉ ሁሉ ጮኸ። ኢላማው መሐል ለመሐል ተበሳ።

«ይኸው!» አለ። «ጠመንጃው ምን አለው? እንግዲህ ፍረጂ።»

«አንድ ጨምርልኝ» አለች።

ባዶውን አጎረስኩ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልጠረጠርኩም፤ ደንቡ ስለሆነ ነው። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ። ሳበ።

ቀጭ።

አፈሙዙ ውኃ እንደምትጠጣ ወፍ አጎነበሰ። ዓይኑን ጭፍን ሲያደርግም አየሁት። የወንድሜን ዓይን።

  ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ አፈሙዙን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ የያዘው ይመስል። «ድገሚ» አለኝ። ደገምኩ። አጎነበሰ። «ድገሚ።» አሁንማ እሱ ባዶ መሆኑን እያወቀም አፈሙዙ አጎነበሰ።

ያኔ ገባው። ለእኔ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሲተኩስ እጁ ወደ ታች ይጫናል፤ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ እሱ ደግሞ ማነጣጠሪያው ነው የተበላሸው ብሎ መሐሉን እስኪያገኝ ድረስ ከፍ ያደርገዋል። በእሱ እጅ መሐሉን ይመታል። እጁ ለማይፈራ ሰው ግን ያ ሁሉ ጠመንጃ ከፍ ይላል። ፈራህ እየተባለ ሻይ ጠጥቶ የተሸኘው ሁሉ እውነቱን ነበር።

ኪሱን ዳብሶ ካቻቢቴውን አወጣ። ለሷ ዘረጋላት። «አንቺ አስተካክዪው» አላት። እሷም ዝቅ አድርጋ ፈታችው፣ ተኮሰች፣ እንደገና ዝቅ አደረገች፤ ሦስተኛው ላይ መሐሉን አገኘችው። እሱ አላየም። ወደ መኪናው ሄዶ በጀሶው እግር ፊት ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«ይቅር በለኝ» አለው።

«ተው እንጂ ጋሼ። አንተ መች ወጋኸኝ?» አለ አጎቷ። ከዚያ ትከሻውን ቸብ አደረገው። በቀኙ ነበር፤ ወንድሜ አሞት ሸሸት አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ነበረች መኪናውን የምትነዳው። «ያልፋል ጋሼ» አለችው። «ለጊዜው ከተኩስ እረፍ። ከዚያ ብዙ በማይረግጥ ትንሽ ጠመንጃ ጀምር፣ ትራስ አድርገህ። ገላ እንደተማረው ይረሳል።»

«እሺ» አለ። እሺ ሲል ሁልጊዜ እምቢ ማለቱ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለምናውቃቸው ደንበኞች ሁሉ መልእክት ላከ፤ ጠመንጃችሁን አምጡ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ። የመጡት መጡ፤ እሷ እየመጣች አስተካከለችላቸው። አንዳንዱ ግን የት እንደገባ አልታወቀም። ከፍ አድርጎ የሚመታ ጠመንጃ ይዞ፣ ራሱን ፈሪ እያለ የሚኖር ሰው የሆነ ቦታ አለ። ወንድሜን እንቅልፍ የነሣው ይኼ ነበር፤ ሥራው መጥፋቱ አይደለም። በትንሿ ጠመንጃ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሯል፤ ከረጢቱንም ትከሻው ላይ አድርጎ። የባዶው ጥይት ቀጭታ እንኳ ሲመጣ ዓይኑ ይጨፈናል። ከዚያ በኋላ አልሞከረም።

መንገድ መሪዋ ለጥቂት ጊዜ ትመጣ ነበር። ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ እንጨት ያወራሉ። እሷ ፊት ግን አንገቱን ቀና ማድረግ ተሳነው። አንድ ቀን የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ በኋላው በር ወጣ። ሁለተኛ ሲወጣ አየችው መሰለኝ፤ መምጣቷን ተወች። አሁንም ያንን ጠመንጃ እንደያዘች፣ አጎቷም እያነከሰ ዱካ እንደሚከተል ሰምቻለሁ።

እኔ የሚጸጽተኝ ከረጢቱ ነው። መልካም ስፌት ነበረው። ለሌላው ሁሉ ትከሻ እንዲህ ሲጠበብ የኖረ ሰው ለራሱ አንዱን ቢያደርገው ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር? ይህን ለእሱ ብዬው አላውቅም። ያኔ ብለውም ያው ይስቅ ነበር፤ አሁን ደግሞ አይስቅም።

ሱቁን ጎሚስታው ወስዶታል። ወንድሜ አልጋና ወንበር የሚሠራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ እኔም እዚያው የወንበር ትራስ እሰፋለሁ። ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ትከሻ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም።