ሁለቴ የተሞላው የጉልበት መጠይቅ

የጉልበት መጠይቁ ጉዳይ በጠቅላላው ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ የሁለት ሳምንት እንቅልፍ፣ እና ሚስቴ በእኔ ላይ ከነበራት እምነት ግማሹን አስከፍሎኛል። ግማሹን ያልኩት ቀንሼ ነው።

ሲያትል ውስጥ የጤፍና የበርበሬ ሱቅ አለኝ። ጤፉን ከመኪና የማወርደው ራሴ ነበርኩ፤ ከጊዜ በኋላ ቀኝ ጉልበቴ ማበጥ ጀመረ። ክሊኒክ ስመላለስ እዚያው አንዲት የሀገራችን ልጅ አገኘችኝ። የጉልበት ሕመምተኞች የሚሞሉት የእንግሊዝኛ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ የእኛ ሰው በትክክል ይረዳው እንደሆነ የምትፈትሽ ተመራማሪ ናት። አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ ጋሼ አለችኝ።

እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ምን እንደገባኝ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ከ«ምንም» እስከ «እጅግ ከባድ» ካሉት አንዱን አከብባለሁ። ምክር አልሰሰትኩባትም። መንበርከክን ስትጠይቂ ስለ ስግደትም ጠይቂ፤ ዓመቱን ሙሉ ጉልበቱ መሬት ሳይነካ ከርሞ፣ ጾም ሲገባ በቀን አርባ አንድ ጊዜ የሚሰግድ ሰው አለ አልኳት። ደግሞ የእኔ ዕድሜ ሰው እግሩ ቢቆረጥም እንዴት ነዎት ሲሉት ተመስገን ይላልና፣ ተመስገንን እንደ መልስ እንዳትቆጥሪው አልኳት። ሁሉንም ጻፈች። ስለ ሌላው ሰው እንዲህ እውነቱን ዘርግፌ ሳበቃ፣ ስለ ራሴ ዋሸሁ።

ፈርቼ ነው። አንድ ደንበኛዬ በእግሩ ሆስፒታል ሄዶ ጉልበቱን በቀዶ ጥገና ተቀደደና ስድስት ወር ቤት ዋለ፤ ሲመለስ ሥራው አልጠበቀውም። እኔ ስድስት ወር ከተኛሁ ሱቁ በሁለተኛው ወር ይዘጋል። ስምዎ አይጻፍም፣ ሐኪሙም አያየውም ብላኛለች። ሠላሳ ዓመት «የመጨረሻ ዋጋው ነው» እያልኩ የኖርኩ ሰው ይህን ላምን? ሕመም፣ ምንም። ማጠፍ፣ ምንም። ደረጃ ላይ ብቻ «ትንሽ» የሚለውን አከበብኩ፤ እንከን የማይወጣለት ዕቃ ገዢን ያስጠረጥራል።

ልወጣ ስል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ መጠይቅ እንደገና እንደምሞላ ነገረችኝ። አንድን ነገር ሁለቴ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ቀበሌም ጠይቆኛል፣ ኤምባሲም ጠይቆኛል። ለዲቪው ኢንተርቪው የሠርጋችንን ቀን ሳይቀር ከሚስቴ ጋር እንደ ዳዊት ደግመን ነው የገባነው። ሱቅ እንደደረስኩ መልሶቼን በተራ ቁጥራቸው ካርቶን ክዳን ላይ ጻፍኩና ከሚዛኑ ስር ሸጎጥኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ከሚስቴ ጋር ቤታችን ወዳለበት ወደ ፌደራል ዌይ ስንመለስ፣ ሀይዌዩ ላይ ፊታችን የነበረው የጭነት መኪና ቆመ። እግሬን ከነዳጁ አንስቼ ፍሬን ልረግጥ ብል ጉልበቴ ተቆለፈ። በእጄ ጭኔን አንስቼ ነው ፍሬኑ ላይ የጣልኩት። ስንቆም የጭነት መኪናው የኋላ መብራት የእኛን መኪና ውስጡን ሁሉ አቅልቶት ነበር። የሚስቴ ሁለት እጅ ዳሽቦርዱ ላይ ተለጥፏል።

«ለሐኪሙ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?» አለች ከሀይዌዩ ስንወጣ።

እነግረዋለሁ አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ይኸው ነው።

ሐሙስ ዕለት መጠይቁን እንደገና ሞላሁ። መልሶቹን በቃሌ ይዣለሁ፣ ለማንኛውም ክዳኑ ኪሴ ውስጥ አለ። ልጅቷ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስተያየችና፣ አንድም አልተለወጠም እኮ አለች። ያለፍኩ መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችው። ከጀርባው በመጀመሪያው ቀን ያልነበረ ጥያቄ አለ፦ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ጉልበትዎ ተሽሎታል፣ ብሶበታል፣ ወይስ እንደነበረ ነው?

ለዚህ ክዳኑ ላይ መልስ የለም። እንደነበረ ነው ማለት ቀላል ነበር፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። የታየኝ ግን የሚስቴ እጅ ነው።

«ሰኞ ዕለት ፍሬን መርገጥ አቃተኝ» አልኳት። «ሚስቴ አጠገቤ ነበረች።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ‹ምንም› ከየት መጣ?»

ክዳኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አነበበችው፣ አገላብጣም አየችው፤ በጀርባው የበርበሬ ዋጋ ነው ያለው።

«ኩረጃ ነዋ» አለች። አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ሁለቱንም ወረቀት ከጥናቱ አወጣቸዋለሁ። ጉልበትዎ ግን እዚሁ ነው ያለው። አሁን ለሐኪሙ ኮል ላድርግለት? ካልፈቀዱ አላደርግም።»

ደውይ አልኳት።

በሚቀጥለው ወር ተቀደድኩ። ሱቁ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጤፉን ሌላ ሰው ያወርዳል። መኪናውን የምትነዳው ሚስቴ ናት።