ማተብ የሌላቸው ሽማግሌ

ጋፋት ላይ መድፍ ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው። አዲስ ዲያቆን ነበርሁ፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ካልሰበክሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አንድ ቀን ከደብረ ታቦር ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድሁና አንድ ሽማግሌ እስከ ደረታቸው ተነክረው አገኘሁ። አንገታቸው ላይ ማተብ የለም። ያልተጠመቁ ናቸው ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ።

አጠገባቸው ገብቼ ከአዳም ጀመርሁ። ላቤ ዓይኔን እያቃጠለኝ ስቅለቱ ጋ ስደርስ ሽማግሌው አለቀሱ። ይኸን ጊዜማ ማን ይቻለኝ፤ ትንሣኤውን በታላቅ ድምፅ አበሠርሁ። ታጣቢው ሁሉ ያዳምጣል።

«አባቴ፣ ያምናሉ?» አልኋቸው።

«አምናለሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይነሡ፣ የሚያጠምቅዎት ቄስ ልፈልግ።»

ቀስ ብለው ወጡና ከጋቢያቸው ሥር ነጭ ጥምጥምና የእጅ መስቀል አነሡ። አንገቴን ደፍቼ ቀረብሁ።

«ትናንት አንድ ሰው ሳጠምቅ ክር ቢያልቅብኝ የራሴን ማተብ ፈትቼ አሰርሁለት» አሉ፣ መስቀሉን እያሳለሙኝ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስሰብክ ኖርሁ፤ እኔን የሰበከኝ ግን አንተ ብቻ ነህ።»