የአውራ ጣት ምስጋና

ሰውን መናቅ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ቢሆንም ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ስሠራ ኃላፊያችን የነበረውን ሰው ናቅሁት፤ ዛሬም ንቀቴ አልበረደም። ያኔ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱታውን አንስቻለሁ።

የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ድርጅቱ ኽምጣኛ የሚችል የመስክ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። ኽምጣኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን በትምህርት ቤትና በገበያ ነው ያቀናሁት። ተቀጠርኩ። ሥራዬ ደሃና ወረዳ ውስጥ መኪና ወደማይደርስባቸው መንደሮች በእግሬ እየሄድኩ የጎደላቸውን ጽፌ መመለስ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ማስተርጎም ነበር።

ኃላፊው እኛ ዘንድ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ በኽምጣኛ ሰላምታ መስጠት እንኳ አልተማረም። ገበሬውን «ተጠቃሚው» ነበር የሚለው። «ተጠቃሚው ምን ይላል?» «ተጠቃሚው ተሰብስቧል?» የገበሬ እጅ ከጨበጠ በኋላ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከትንሽ ጠርሙስ አልኮል እያፈሰሰ እጁን ያሻል፤ መስኮቱን እንኳ አይዘጋም። እንግዳ ፊት ሽማግሌ አቅፎ ፎቶ ሲነሳ ግን እንደሱ ዓይኑ ቶሎ እንባ የሚያቀርር ሰው አላየሁም።

አንድ ጊዜ ስለ አንዲት የደሃና መንደር በጻፍኩት ሪፖርት ላይ ፎቶ አያይዤ ነበር። ሴቶች ከብት በረገጠው ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው በቅል ውሃ ሲቀዱ የሚያሳይ ነው። ከኋላቸው ገደል፣ ገደሉ አናት ላይ ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀ ቋጥኝ ይታያል። ያ ፎቶ በየት በየት ዞሮ ባሕር ማዶ ካለች አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ እጅ ገባ። ሴትዮዋ እናቷ ሞታባት ኖሮ ለመታሰቢያ ብላ ገንዘብ ላከች። ከገንዘቡ ጋር የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። ገንዘቡ ፎቶው ላይ ላለው ምንጭ ማጎልበቻ ብቻ ይዋል፤ ለሌላ ነገር ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁኝ ይላል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ተርጉሞ አነበበልንና «ሂድ፣ ተጠቃሚውን አብስር» ብሎ ላከኝ።

ሄጄ አበሰርኩ። ድርጅቱ ሲሚንቶና ቧንቧ፣ መንደሩ ደግሞ ድንጋይና አሸዋ ሊያቀርብ ተስማማን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድንጋዩ ተፈልጦ ምንጩ አጠገብ ተከመረ፤ አሸዋው ከወንዝ በአህያ ተጋዘ። ሴቶቹ ጠላ ጠምቀው፣ ቆሎ ቆልተው ሠራተኛውን አስተናገዱ። ሴቶቹን የሚያስተባብሩት አንዲት ባልቴት ነበሩ። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ዐረብ አገር ስለሄዱ በዚያ ዕድሜያቸው ውሃ የሚቀዱት ራሳቸው ናቸው።

«የሴትዮዋን እናት ስም ጠይቅልኝ» አሉኝ። «ቅዳሴ ስሄድ ነፍስ ይማር እንድላት።»

ከዚያ ሲሚንቶው የውሃ ሽታ ሆነ። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ፤ ክረምት ገባ። ኃላፊውን በጠየቅሁት ቁጥር «ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቷል» ይለኛል። ከክረምቱ በኋላ ሲሚንቶው መጣ። የተራገፈው ግን እኛው ግቢ ውስጥ ነው። የሽቦው አጥር ፈርሶ በጥርብ ድንጋይ ተተካ። የእንግዳ ማረፊያው ወለል ሴራሚክ ለበሰ። ኃላፊው ቢሮ አዲስ ሶፋ ገባ፤ እንዳይቆሽሽ ብሎ ላስቲኩን ስላላስወለቀው ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይንጣጣል።

«ሲሚንቶው የምንጩ አልነበረም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን ጠዋት።

«ለድሃ የመጣ ገንዘብ ነው» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «እኛስ የምንሠራው ለማን ነው? ቢሮው ካላማረ ለጋሽ ይመጣል? ለጋሽ ካልመጣ ተጠቃሚው ከየት ይጠጣል?»

«ለሌላ ነገር ከሆነ ጠይቁኝ ብላለች እኮ።»

«ከእጇ ወጥቷል። ከእጇ የወጣ የእኛ ነው። አንተ መስክህን ሥራ።»

ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባ የሰው ዕቃ መውሰዱን ያውቀዋል፤ ቢያንስ ሲያዝ ያፍራል። ይሄ ግን የሰው አደራ በልቶ እንደ ጾመ ሰው የሚያወራ ነበር። በየሰኞው ስብሰባ ስለ ታማኝነት ይሰብከናል። አንዱን ሹፌር የድርጅቱን ጀሪካን ቤቱ አሳደረ ብሎ ደመወዝ ሲቀጣው አጥሩ ገና ኖራ እየተቀባ ነበር።

ለሴትዮዋ ሪፖርት የሚላክበት ጊዜ ደረሰ። ኃላፊው ሹፌሩን ልኮ ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ምንጭ ፎቶ አስነሳ። ያን ምንጭ ከዓመታት በፊት ያጎለበተው ሌላ ድርጅት ነው፤ ኃላፊው የሠሪው ስም ያለበትን ጽሑፍ አስቀድሞ በቀለም አስጠፋው። ቀጥሎ እኔን ጠርቶ በአማርኛ የተተየበ ወረቀትና የጣት ቀለም ሰጠኝ። ወረቀቱ «ምንጫችን ተሠርቶልን ንጹህ ውሃ እየጠጣን ስለሆነ እናመሰግናለን» ይላል።

«ተጠቃሚው አውራ ጣቱን ያሳርፍበት» አለኝ።

«ያልተሠራውን ተሠራ የሚል ነው እኮ።»

«መሠራቱ መቼ ይቀራል? ምስጋናው ትንሽ ቀደመ እንጂ። ደግሞ ኮንትራትህ በዚህ ወር እንደሚታደስ አትርሳ።»

አልረሳሁም። ተሸክሜው ሄድኩ። ለመንደሩ ሰው ወረቀቱ ምንጫቸው እንዳይረሳ ማሳሰቢያ ነው አልኳቸው። በእናቴ ቋንቋ ዋሸኋቸው። ወንዱም ሴቱም እየተነሳ ጣቱን አሳረፈ። ባልቴቷ መጨረሻ ላይ ቀረቡ። ቀለሙን ከነኩ በኋላ እጃቸውን አየር ላይ አቆይተው አዩኝ።

«ጣቴ እዚህ ላይ የሚናገረውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ አላውቀውም» አሉኝ። ከዚያ አሳረፉት።

ኃላፊውን መናቅ ስጀምር ያቺ ሰዓት ትመጣብኛለች። ኮንትራቴ ታደሰ።

በሚቀጥለው በጋ ግን ሴትዮዋ ራሷ መጣች። ያ የጣት ምስጋና ልቧን ነክቶት የእናቷን መታሰቢያ በዓይኗ ለማየት ፈለገች። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ነች። ኃላፊው ሱፍ ለብሶ ተቀበላትና በላንድክሩዘር ቀጥታ ወደ መንገድ ዳሩ ምንጭ ወሰዳት። እኔም ላስተርጉም ከኋላ ተቀምጫለሁ። ሴትዮዋ ከመኪናው ወርዳ ቧንቧውን አየች፤ ከቦርሳዋ የድሮውን ፎቶ አወጣች፤ ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ከዚያ የተሰነጠቀው ቋጥኝ የት እንዳለ ጠየቀች። ኃላፊው ፎቶ አንዳንዴ እንደሚያሳስት በረጅሙ አስረዳት። ሰምታ ስታበቃ ፎቶውን ወደ እኔ ዞር አድርጋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እጄን አንስቼ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ተራራ አመለከትኩ። ጀግንነት አልነበረም፤ እጄ ቀደመኝ።

ሴትዮዋ ካላየሁት አልመለስም አለች። መንገዱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነውና በቅሎ ተከራየንላት። እሷ በቅሎዋን አንገቷን ደባብሳ በእግሯ መንገድ ጀመረች። ኃላፊው በቅሎዋ ባዶዋን ከምትሄድ ብሎ ራሱ ወጣባት። እናቱ ልትሆን የምትችል ሴት በጠጠሩ ላይ እያለከለከች ስትወጣ እሱ ከላይ ሆኖ «ቀስ፣ ቀስ» ይላታል።

መንደሩ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ እንደነበረ ነው። ከብቶቹ ጭቃው ውስጥ ቆመዋል። የድንጋዩ ክምር ሣር በቅሎበታል፤ አሸዋውን ጎርፍ ወስዶታል። ሰው ተሰበሰበ፤ ባልቴቷም ከነጀሪካናቸው መጡ። ሴትዮዋ ጣት የታተመበትን ወረቀት ዘርግታ አሳየቻቸው። ባልቴቷ በኽምጣኛ ተናገሩ፤ እኔ ለኃላፊው በአማርኛ መለስኩለት።

«ጣቱ የእኔ ነው፤ ቃሉ የእኔ አይደለም። ድንጋዩን አቅርበን ሁለት ክረምት ጠበቅን። ውሃችን ይኸው ነው፤ ትየው» ነው የሚሉት አልኩት።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቢሆንም ሰማሁት። በጣም ተደስተዋል፣ ሁለተኛው ዙር ሥራ በቅርቡ እንደሚያልቅ ተስፋ አላቸው ነው ያላት።

ሴትዮዋ የባልቴቷን ፊት አየች። ከዚያ እሱን ትታ እኔን በቀጥታ ጠየቀችኝ፤ ምን አሉ? ባልቴቷም እያዩኝ ነበር። የማውቃትን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ለቃቅሜ ነገርኳት። ምንጩ አልተሠራም። ወረቀቱ ውሸት ነው። ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። ሲሚንቶው አጥር ሆኗል።

«አበድክ?» አለኝ ኃላፊው በአማርኛ፤ ለእሷ ፈገግታውን ሳያጥፍ።

ሴትዮዋ ሄዳ የድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ባልቴቷን ይቅርታ ጠይቅልኝ አለችኝ።

«እሷ ምን አጠፋች?» አሉ ባልቴቷ። «የላከችው መንገድ ላይ ቀረ እንጂ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ጠላ አምጡላት፤ ከዚህ ውሃ እንዳታቀምሷት፣ ትታመማለች» አሉ።

እሳቸው በየቀኑ የሚጠጡት ውሃ ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አጣሪዎች መጡ። ሦስት ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፤ መንደሩ አልሄዱም። የደረሱበት ድምዳሜ «የአሠራር ክፍተት ታይቷል» የሚል ነበር። ይህን ቃል ከዚያ በፊት አላውቀውም። አደራ ሲበላ ክፍተት ይባላል ማለት ነው። ኃላፊው ወደ ትልቅ ከተማ በዕድገት ተዛወረ፤ በግ ታርዶ፣ ጋቢ ለብሶ ተሸኘ። ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት የተባረርኩት እኔ ነኝ። ዘመዶቼ ግፍ ነው ብለው ክሰስ አሉኝ። አልከሰስኩም። ሰነዱን እኔ አስፈርሜዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ማጣራት እውነት የወጣው በእኔ ላይ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ለድርጅቱ ስትጽፍ ቆይታ በመጨረሻ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ አስመለሰች። ሁለተኛ በእኛ በኩል አልላከችም። በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በኩል ሄዳ፣ ሲሚንቶው መንደሩ መድረሱን ካላረጋገጡላት ቀጣዩን ክፍያ አልሰጥም እያለች ምንጩን አስፈጸመች። እኔም ሄጄ ከግንበኛው ጋር ጭቃ አቡክቻለሁ፤ ክፍያ አልጠየቅሁም፤ የመንደሩም ሰው ልክፈልህ አላለኝም። ባልቴቷ ንጹሁን ውሃ ጠጥተዋል። እኔን ግን ከዚያ በኋላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ወረቀቱ» ነው የሚሉኝ።

ከዓመታት በኋላ ሰቆጣ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። አንድ ቀን ለሥልጠና የሚባዛ ጽሑፍ መጣልኝ፤ ርዕሱ የልገሳ አስተዳደርና ሥነ ምግባር ነው። እየተባዛ ሳለ አነበብኩት። ስጦታ ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ ይዋል፤ ለለጋሽ እውነት ይነገር፤ ተረጂ ሳይፈቅድ ስሙና ፎቶው አይወሰድ ይላል። ቃል በቃል ትክክል ነው። ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ ራሱ ሊወስደው መጣ። እሱ ነው። ወፍሯል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። አወቀኝና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ሥራዬንም አደነቀ።

«ያን ምንጭ ያስታውሱታል?» አልኩት።

«የትኛውን ምንጭ?» አለኝ።

አላስመሰለም። ግንባሩን ቋጥሮ ለማስታወስ ሞከረ፤ ከልቡ ነበር የሞከረው። አልመጣለትም። ወረቀቱን አስሬ ሰጠሁት።