ዋንዛውን ያተረፈ ካሜራ

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ካለው ቤቴ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት የሰርግ ፎቶ የማነሳባት ዲጂታል ካሜራና አንድ ነጭ ወረቀት ብቻ ናቸው። የፊዚክስ መምህር ነኝ። የድሮ ተማሪዬ ሙክታር፣ አጋሮ ከተማ አጠገብ ባለው የቡና ማሳቸው የቆመውን ትልቅ ዋንዛ ሊቆርጥ ተነስቷል፤ «ከሥሩ ያለው ቡና ብርሃን አጥቶ ነው የማያፈራው» ባይ ነው። አባቱ አባ ፎጊ ግን ዛፉን የተከሉት አባታቸው ናቸውና እንቢ አሉ። እኔ ለክቼ እንድፈርድ ሁለቱም ተስማሙ። የብርሃን መለኪያ መሣሪያ የለኝም። ባልደረቦቼ «በካሜራ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ!

ሚኒባሱ መንገድ ላይ ያለችው የቡ ከተማ ቆሞ ሹፌሩ አቮካዶ ሲመርጥ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አጋሮ ስንደርስ ጉሙ ተገፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በእግር፣ በጭቃ ነው።

ማሳው ላይ

ዘዴው ቀላል ነው። ካሜራዋ ብርሃን ሲያንሳት መስኮቷን ረዘም ላለ ጊዜ ትከፍታለች፤ ጊዜውንም በቁጥር ትመዘግባለች። ሌላውን ሁሉ ሳልነካ ያንኑ ወረቀት በየቦታው ካነሳሁት ቁጥሩ የብርሃኑን መጠን ይነግረኛል።

መጀመሪያ በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ደህና የሚያፈራው ቡና አጠገብ ለካሁ፤ ቀጥሎ ዋንዛው ሥር። ዋንዛው ሥር ያለው ብርሃን ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ነገርኳቸው። አባ ፎጊ ግንዱን በመዳፋቸው ደባበሱት።

«ሙጫ ኮ፣ ልጄ፣ ረቢ ፈጣሪያችን ያውቃል። ቁረጠው» አሉት ልጃቸውን።

ሙክታር መጥረቢያ ሊያመጣ ሲሄድ ፎቶውን እንደገና አየሁት። ወረቀቱ ላይ ክብ ጥላ አለ፤ ጥጉ ላይ የጃንጥላ ጫፍ።

«ሙክታር! ዋንዛው ሥር አጎንብሼ ስለካ ጃንጥላ ይዘህልኝ ነበር?»

«አዎ ቲቸር» አለ መጥረቢያውን ይዞ እየተመለሰ። «ፀሐይ እየመታዎት ዝም ልበል እንዴ?»

መጀመሪያውን ቦታ ስለካ ለክብሬ ሲል ከቤት ሄዶ አምጥቶ ነው! ጃንጥላውን አስቀምጬ ሁለቱንም ቦታ አሥር አሥር ጊዜ ለካሁ። ብርሃኑ እኩል ነው ለማለት ይቻላል።

«ታዲያ ለምን አያፈራም?» አለ ሙክታር።

«ያኛው ቡና ገና ልጅ ነው» አሉ አባ ፎጊ። «ይሄ እኩያዬ ነው። አርጅቷል፤ ከታች ተቆርጦ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ መጎንደል ነበረበት።»

«አባ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሙክታር መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረና ለጉንደላው መጋዝ ፍለጋ ሄደ። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ሰዓት ኮርቼ አላውቅም።

መልስ

አባ ፎጊ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው፣ ያለን ዕቃ ከልብ ከያዝነው ይበቃናል፤ ግን ከመፍረድ በፊት ባለቤቱን መጠየቅም አንድ ልኬት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ።

«ከአጋሮ ባዶ እጅህን መጣህ?» አለች ባለቤቴ።

«ዛሬስ ትቼው የመጣሁት ይበልጣል» አልኳት። «ዋንዛው ቆሟል።»