ከአራተኛ ፎቅ የታየ መንገድ

ሴትዮዋ ቤሩት ሊሄዱ መሆኑን የነገሩኝ ጥብቁን ካልሲ እያጠለቅሁላቸው ሳለ ነበር። ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ነው፤ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ኖርዌይ ዋና ከተማ ውስጥ፣ ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር፣ ትራም ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንዘረዘርበት ፎቅ ቤት ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ትከሻቸው ስለማይነሣ ጠዋት ጠዋት ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ እኔን ይልክላቸዋል። እግራቸው እንዳያብጥ ካልሲውን አጠልቅላቸዋለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። መሐል አናታቸው ላይ ፀጉሩ ሳስቷል። ከጎን ሁለት ዘለላ አንሥቼ እሸፍነዋለሁ፤ በመስታወት ያዩና ጎበዝ ይሉኛል። በኖርዌይኛ አንቺ እንባባላለን፣ የሀገሩ ወግ ነው። በልቤ ግን አንቱ ናቸው።

የጉዞውን ወረቀት አሳዩኝ። ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ነው፣ እንደ ሀብታም ሰርግ ጥሪ። «የሊባኖስ ቅርስና ማዕድ» ይላል። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሄዱበት የቅንጦት ጉዞ ነው፤ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ሆቴል፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ አስጎብኚ፣ አብራ የምትሄድ ነርስ ሳይቀር አለበት። አንድ ቀን የበኣልቤክን ትልልቅ ምሰሶዎች ያያሉ፣ አንድ ቀን ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ሸለቆ ይወርዳሉ፣ አንድ ቀን ከታወቀ ምግብ አብሳይ ጋር ሽርጥ ታጥቀው ምግብ ይሠራሉ። ሥዕሉን በጣታቸው እየነኩ የምግቦቹን ስም ያነቡልኝ ጀመር፤ ታቡሌ፣ ኪቤ፣ ኩሳ። ሁሉንም አውቃቸው ነበር። ካልሲው ከእጄ ወጣ።

ምን ሆንሽ አሉኝ።

«ልጄ እዚያ ናት» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ምን ትማራለች?»

«ሰው ቤት ትሠራለች።»

ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉትና ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ ስለ ምግቡ አላወሩም።

ልጄን ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ትቻት ስወጣ ገና ልጅ ነበረች። እኔ በሱዳን አድርጌ እዚህ ደርሼ ወረቀቴ እስኪሰጠኝ ድረስ ዓመታት ሄዱ። ላምጣት ብዬ ሳመለክት አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታልና አዋቂ ናት፣ እናቷን ተከትላ አትመጣም አሉኝ። አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፤ የመጀመሪያውንም ሰምቼዋለሁ። እሷ መጠበቅ ሰለቻት። ደላላ አገኘች። ቤሩት መግባቷን የሰማሁት ከቤሩት ስትደውል ነው።

እሑድ እሑድ ግሮንላንድ ከሚባለው የከተማው ሰፈር በምገዛው የስልክ ካርድ እደውልላታለሁ። የምታወራኝ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ነው። በመስታወት የተከለለው የበረንዳው ግማሽ መኝታዋ ነው፤ በሌላው ግማሽ አበባ ታጠጣለች፣ ልብስ ታሰጣለች። ጣቷ አረንጓዴ እስኪሆን ቅጠል መክተፏን፣ የወይን ቅጠል እንደ ትንሽ ጣት አቅጥና መጠቅለሏን፣ ኩሳ የሚሉትን ዱባ መሰል ነገር ሳይቀደድ መፈልፈሏን ትነግረኛለች። ስለ ራሷ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፤ ደህና ነኝ እማ። ስትታመምም ደህና ናት፣ ስትቆጣም ደህና ናት። ድምፅ ብቻ ይዤ ምኑን ልወቅ? ልጅን የሚያውቋት በዓይን ነው።

አለቃችን ከምንረዳቸው ሽማግሌዎች ምንም እንዳንጠይቅ በጥብቅ ታስጠነቅቀን ነበርና እኔ አልጠየቅሁም። ከጥቂት ቀን በኋላ እሳቸው ራሳቸው አነሡት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለራሳችን የሚለቁን አንድ ቀን አለ፣ ሄጄ አያታለሁ፣ ዕቃም ካለሽ እወስድላታለሁ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ክፉ ክፉውን መቁጠር ጀመርኩ። ማዳሟ ብትሰማስ? ልትጠፋ ነው ብላ ብትቆልፍባትስ? ሥራዬን ባጣስ? እኔ መንገድ ከመሻገሬ በፊት መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም ግራ ቀኝ የማይ ሰው ነኝ።

ልጄ ግን መላው ነበራት። ማዳም ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ከበረንዳው ላይ በገመድ የታሰረ ቅርጫት አለ፤ አትክልት የሚያዞረው ሰውዬ ከታች ሲጠራ ገንዘቡን ታወርዳለች፣ አትክልቱን ትስባለች። ሰፈርተኛው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ ማንም ልብ አይለውም። ሴትዮዋ ከታች ይቁሙ፣ እኔ ቅርጫቱን አወርዳለሁ አለችኝ። ዕቃው እጇ ሲገባ አንድ ጊዜ ደውላ ልትዘጋልኝ ተስማማን።

ምን እንደምልክ እኔ በምኖርበት ሰፈር በፉሩሴት ከደጄ ፊት ለፊት የምትኖረውን የአስመራ ሴት አማከርኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ነገር ታውቃለች። በሶው፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ለእጇ የገዛሁት ቅባት፣ ዳቦ ቆሎው፣ ነጠላዬ፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ስታየው ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንቺ፣ አሮጊቷን እስር ቤት ልትከቻቸው ነው? ይህ ዱቄት ምንድን ነው ሲሏቸው ምን ይላሉ?»

«በሶ ነው ይላሉ።»

«እሺ። ሁለተኛውን ጥያቄስ?»

ሳቅሁ፤ በሶውን ግን አወጣሁት። በርበሬውንም አወጣሁ። ቅቤው ቢቀልጥ ልብሳቸውን ያበላሻል ብዬ እሱንም። ቅባቱን ፈሳሽ ነው ይሉ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ከትቼ ሦስት ጊዜ አወጣሁት። በመጨረሻ የቀረው አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎና ነጠላዬ ነው። ነጠላው አረንጓዴ ጥለት አለው፤ እህቴ ያሠራችልኝ ነው፣ ልጄም ታውቀዋለች። ሴትዮዋ አንገታቸው ላይ ጣል እንዲያደርጉት፣ እሷም በእሱ እንድትለያቸው ነገርኳቸው። ሲገናኙ በቅርጫቱ ይልኩላታል።

የቀረው አቅጣጫው ነበር። ልጄ የሰፈሩን ስም እንጂ የመንገዱን ስም አታውቅም፤ ጽሑፉን አታነብም። ከአየር ማረፊያ ያመጧት ጨለማ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ግን ምልክቱን አሳምራ ነገረችኝ። ከፊት ለፊታችን ዝቅ ያለ ቤት አለ፣ ጣራው ላይ ሦስት የውኃ ታንከር ተቀምጧል፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ቀይ የሸራ ጥላ አለው፣ ሸራው መሐሉ ላይ በነጭ እራፊ ተጥፏል። ከእኛ በር አጠገብ ደግሞ ጫፉ የተሰበረ ዛፍ አለ፣ ከተሰበረበት አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። እኔም ይህን አንድም ሳላስቀር ለሴትዮዋ ነገርኩ። እሳቸውም በጥሩ የአስተማሪ ጽሑፋቸው ጻፉት። ኮምቦልቻም ቢሆን ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎቹ አለፍ ብሎ ነው የሚባለው። እንዲህ ጥርት ያለ ምልክት ይዞ የሚጠፋ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም።

ሊሄዱ ሲሉ ምን እንዲያዩልኝ ጠየቁኝ። መክሳት አለመክሳቷን ነው ወይ አሉኝ።

«እሱን አይደለም» አልኳቸው። «ስታይሽ ፊቷ ይፈታ እንደሆነ እይልኝ።»

በኖርዌይኛ ይህን ማለት ከበደኝ፤ እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ገባኝ አሉ።

ሲሄዱ የጉዞውን ፕሮግራም ትተውልኝ ስለነበር ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ቡናዬን ስጠጣ ዛሬ የት እንደሆኑ አያለሁ። ዛሬ ከአሮጌው ወደብ ዓሣ ይበላሉ። ዛሬ ሽርጥ ታጥቀው ይከትፋሉ። ማታ የሚቀርበው ትንንሽ ሳሕን ጠረጴዛውን ይሞላል ተብሏል፤ ያን ያህል ሳሕን ማን እንደሚያጥብ አስባለሁ። የዕረፍቱ ቀን ሲደርስ ስልኬን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ ሌላ ሽማግሌ ቤት ወለል እጠርግ ነበር። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት መጣ። ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ አየሁት፤ አልጠፋም። ጠርጌ የጨረስኩትን ወለል እንደገና ጠረግሁ። ሽማግሌው እያዩኝ ዛሬ ቤቴ ለንጉሥ ይበቃል አሉ። አልጮኸም። መሽቶም አልጮኸም።

ሴትዮዋ ሲመለሱ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል። በሩን እንደከፈትኩ ነጠላዬን ወንበሩ ላይ ታጥፎ አየሁት፤ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አላገኘኋትም አሉኝ። ተቀምጠው በዝርዝር ነገሩኝ። አስጎብኚው ብቻሽን አትሂጂ ቢላቸውም ታክሲ ይዘው ሄደዋል። ባለታክሲው ሰማያዊ ታንከር ሲሉት ሳቀባቸው፤ እዚያ ታንከር የሌለው ጣራ የለም። ሰማያዊው ቢኖርስ ከታች ሆኖ ጣራ ማን ያያል? የሱቁ ሸራም ከሥሩ ሲቆሙ ጥላ ብቻ ነው፣ ነጩ እራፊ አይታይም። ዛፍም ከግንዱ በቀር አይታያቸውም ነበር። በዚያ ሙቀት በዚያች እግራቸው ሦስት መንገድ ወጥተው ወረዱ። አንድ ቦታማ፣ አሉ፣ ከላይ አበባ የሚያጠጣ ሰው መሰለኝ ውኃ ደፋብኝ፤ ነጠላሽን አራስኩት፣ ይቅርታ። ወደ ማዶ ተሻገሩ። ተመልሰው ሲያልፉ ደግሞ ደፋባቸው። ከዚያ የስንብት እራቱ ሰዓት ደረሰ፣ ታክሲም ጠሩ።

ዳቦ ቆሎውን ጠየቅኋቸው። አፈሩ። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ከፍተውት ለቡድኑ አዞሩት። ሁሉም ወደደው አሉኝ፤ ምን ምን እንደሚገባበትም እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ትንሽ ስኳር ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ፎቶ አሳዩኝ፤ ሽርጥ ታጥቀው፣ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ በሌላው ቢላ ይዘው፣ ቅጠል ሲከትፉ። ጣቶቻቸው አረንጓዴ ሆነው ይስቃሉ። ደስ ብሏቸዋልና ደስ ይላል አልኩ።

እሑድ ደወልኩ።

«እማ፣ አየኋቸው» አለች ልጄ ገና ሳላወራ።

ማዳም በዚያ ቀን አልተኛችም። እንግዶች መጥተው በረንዳው ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ልጄ ፍራፍሬ ይዛ ስትወጣ ከታች አረንጓዴውን ጥለት አየችው። ቅርጫቱን ማውረድ የማይሆን ነገር ነው፤ መጥራትም አይቻልም። ማጠጫውን አንሥታ ከዳር ያለውን አበባ ታጠጣ ጀመር፣ ውኃው ሞልቶ እስኪፈስ። ማዳም አበባውን ልታሰጥሚው ነው ወይ ስትላት እንግዶቹ ሳቁ። ሴትዮዋ ራሳቸውን በነጠላው ጠረጉና ወደ ማዶ ሄዱ። እንደገና ሲመጡ እንደገና አፈሰሰችባቸው። እሳቸው መሬቱን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ወደ ላይ አላዩም።

«ፀጉራቸውን አበጥራለሁ ያልሽኝ እሳቸውን ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«መሐል አናታቸው ሳስቷል። ግራ እግራቸውን ያማቸዋል መሰለኝ። ፊታቸውን አላየሁትም።»

እዚያ ማን ያበጥራቸዋል? ነርሷ ካልሲውን እንጂ ፀጉሩን የት ታውቀዋለች። እኔ እንዲያዩልኝ ሰው ላክሁ፤ ያየችው እሷ ሆነች። አንቺስ ልጄ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ አልኳት።

«ደህና ነኝ እማ» አለች። ቀጥላም፣ «ደግሞ ይመጣሉ?»

«እንጃ ልጄ።»

«ቢመጡ ቀና ይበሉ በያቸው።»

ካርዱ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ካልሲውን አጠለቅሁላቸው። ልጅሽ አኮረፈችብኝ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የተደፋባቸው ውኃ የእሷ እንደነበር ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግራቸው ምን ያደርጉበታል? ሌሊት እንቅልፍ ያጡበታል፣ ሌላ ምንም። ሰላም ብላሻለች አልኳቸው። ደስ አላቸው። የጉዞ ድርጅቱ በሚመጣው ዓመት ሊባኖስ እንደማይሄድ፣ ተራው የፖርቱጋል እንደሆነ ነገሩኝ፤ ዓሣው ጥሩ ነው ይባላል አሉ።

«ያ» አልኩ፤ በእነሱ ቋንቋ አዎ ማለት ነው።

ከኋላቸው ቆሜ ማበጠሪያውን አነሣሁ። ሁለቱን ዘለላ ከጎን አምጥቼ የሳሳው ቦታ ላይ አስተኛሁ። ከዚያ መልሼ ገለጥኩት። ትንሽዬ፣ ሐምራዊ ቢጤ፣ ፀሐይ የመታው ቆዳ ነው። ቆሜ አየሁት።

«ምነው?» አሉኝ ትራሙ እያለፈ።

«ምንም» አልኩና ሸፈንኩት።